የዘገየ ሳቅ

ሐይፋ፣ ሃዳር ሰፈር፣ ከዳገቱ ወገብ፣
መስኮቱ ቁልቁል ሲያይ ክሬን የቆመበት ወደብ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ በተበላሸ፣
አንድ ሽማግሌ አለ፣ ቃሉ ካፉ የሸሸ።
ሄርሽኮ ይባላል። ደም ሥሩ ተዘጋና
ምላሱ ተኛችበት፤ ዐይኑ ግን አለ ገና።
እኔ ተንከባካቢው ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል፣
ሾርባ የማጎርስ፣ ክኒን በቀን የማከፋፍል።

ስሜን ሊጠራ ሲሻ ድምፅ የለውምና
መዳፉን ያጎደጉዳል፣ ፍሬ የያዘ ይመስልና፣
አፍንጫው ሥር አስጠግቶ በቀስታ ያሸታል፤
የዳስ በዓል እንደደረሰ ዐይኑን ይጨፍናል።
ትርንጎ ነው ስሜ።
የክሊኒኩ ጸሐፊ «ቲ…» ብላ ጀምራ
ይከብዳትና ትተዋለች፤ ቁጥሬን ነው የምትጠራ።

ቀልደኛም ነው። ማንኪያው ይጠፋዋል፣
ኪሱን ይበረብራል፣ ጫማው ውስጥ ያጣዋል፣
ከጆሮዬ ኋላ ሲያገኘው ክው ይላል።
አንድ ቀን ሳሙና አዳለጠው፣ የእውነት፤
ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሳይወድቅ በፊት፣
ያልለበሰውን ባርኔጣ አነሳልኝ፣ ይቅርታ እንደማለት።
በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛል ይላል ያገሬ ሰው፤
በሄርሽኮ ላይ ግን ሳቅ ነው የሚበዛው።

አንድ ምልክት ብቻ አልፈታ አለኝ፦
ቀኝ እጁን ጨብጦ ያዞራል፣ ያዞራል፣
ወደ ግራ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያያል።
የገጠር ልጅ ነኝና ወፍጮ መሰለኝ፤
«ወፍጮ ቤት ነበረህ?» ስለው ሳቀብኝ።
ድምፅ የለውም ሳቁ፤ ትከሻው ነው የነገረኝ።

ልጁ ዲቮራ መጥታ፣ ሰንበት እንደወጣ፣
ፈታችልኝ።
እንግሊዝ ሲገዛ፣ እሱ ገና ልጅ እያለ፣
ዛሬ ፍራሽ የሚሸጥበት ሱቅ ሲኒማ ነበረ።
ከሸራው ጎን ሌላ ጠባብ ሸራ ነበረች፣
የእጅ ጽሑፍ ጥቅልል፣ ዕብራይስጥ የተጫነች፤
የሚያዞራት እሱ ነው።
ሥራው ቀላል ነበር፤ ፊልሙ ድዳ ነዋ።
ሰው ተንሸራትቶ ኬክ ላይ ሲቀመጥ ትርጉም ምን ሊሠራለት?
የሳሎኒክ ዓሣ አጥማጅ፣ ዓረቡ ወዛደር፣
ከፖላንድ የመጣችው ልብስ ሰፊ፣ የእንግሊዝ ወታደር፣
ባንድ ትንፋሽ ይስቃሉ።
ፍሪዳ የምትባል ደግሞ በፒያኖ ታባርራቸዋለች።

ከዚያ ፊልሙ አፍ ፈታ።
ፍሪዳ የፒያኖውን ክዳን ከደነች፤ ማንም ዞሮ አላያት።
ሁለት ሳምንት ሙሉ ትኬት እየገዛች ገባች፤
ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይሮጡ ነበር።
ሳቅም ተሰነጠቀ፦
እንግሊዝኛ የሚያውቅ ቀድሞ ሳቀ፣
የቀረው ጥቅልሉን ጠበቀ፤
ፊደል እየተጎተተ ሲደርስ ቀልዱ አለቀ።
ሄርሽኮ ያንቀላፋ ዕለትማ ጉድ ፈላ፤
ሬሳው ሲወጣ የሠርጉ ቀልድ መጣ፣
አዳራሹ ለቅሶ ላይ ሳቀ፣ ባለቤቱ ደመወዝ ቀጣ።

ያን ጥቅልል እኔም አውቀዋለሁ።
በመጣሁ በዓመቱ፣ አውቶቡሱ ሁሉ በሹፌሩ ወሬ ሲስቅ፣
ቃሉን ባዞረው ባዞረው፣ ሁለት ፌርማታ አልፎ ገባኝ፤
ብቻዬን ሳቅሁ።
አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ባለፈው ረቡዕ ሊነጋ ሲል
ከክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። የወንድ፣ ወፍራም።
ሬዲዮ መሰለኝ።
ሄርሽኮ ነው። ሦስት ቃል፣ ጥርት ያለ፤ ደገመው፤
ዕብራይስጥ አይደለም፣ ዓረብኛም አይደለም።
ስልኩን አፉ ላይ ያዝሁለት፤
ዲቮራ «ዪዲሽም አይደል» አለች፤ «እኔም ሰምቼው አላውቅ።»
በሕፃንነቱ መርከብ ላይ የቀረ ይሆናል።

ስምንት ወር ዝም ብሎ ሁሉን የነገረኝ
ዛሬ ሲናገር አንዱም አልገባኝ።

እሱም ደነገጠ። አየኝ።
ከዚያ ግራ ግድግዳውን አየ፣ ጠባቧ ሸራ የነበረችበትን ወገን፤
ቃሉ እስኪመጣ ጠበቀ።
ምን ላድርግ? ቀኝ እጄን ጨብጬ
አየሩን ፈጨሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ምንም ያልተጻፈበት ጥቅልል።
አፉን ዘጋ።
መዳፉን አጎድጉዶ አፍንጫው ሥር አስጠጋ።
ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።
እኔ ዘግይቼ ሳቅሁ።